የወንዜ ልጆች፣ በዚህ ጥር ወደ እላላ እንውረድ

መቀሌ ሐይቅ የላትም። የሐዋሳ ሰው ማታ ማታ ወደ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣውን ይበላል፤ የባሕር ዳር ሰው ጣና ዳር ይናፈሳል፤ ቢሾፍቱ በሆራና በባቦጋያ ትኮራለች። ትግራይም ሐይቅ አላት፤ አሸንጌ ግን ከመቀሌ ርቆ በስተደቡብ፣ ኮረም አጠገብ፣ በተራሮች ተከቦ ነው ያለው። ለእኛ ለመቀሌ ሰዎች የደረሰን ወንዝ ነው። እላላ ከምሥራቁ ከፍታ ተነስቶ፣ የከተማዋን ሰሜናዊ ወገን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ከጊባ ይገናኛል፤ ጊባ ከተከዜ፣ ተከዜ ድንበር ተሻግሮ አትባራ ተብሎ ከዓባይ። ከጓሯችን የሚወርደው ውኃ እስከ ሜድትራኒያን ባሕር መንገድ አለው ማለት ነው።

ይህን ወንዝ አላጣነውም፤ ዛሬም ይፈስሳል። የከፋው ነገር እያለ እንደሌለ መቁጠራችን ነው። በዳሩ ቤት ሠርተን ጀርባችንን ሰጥተነዋል። መስኮታችንን ወደ አስፋልቱ፣ ቱቦአችንን ወደ ወንዙ አድርገናል። ድልድዩን ስንሻገር እርምጃችንን እናፈጥናለን። ልጆቻችን ስለ ዓባይ ይዘምራሉ፤ ከቤታቸው ሥር የሚያልፈውን የዓባይ ልጅ ግን አያውቁትም። ይህ እንዲለወጥ እፈልጋለሁ፤ እንዲለወጥም እናንተን እጠራለሁ። በእላላ ዳር የምትኖሩ፣ ከእላላ ርቃችሁ በሓወልትም በዓዲ ሓቂም በሓድነትም የምትኖሩ፣ ከመቀሌ ወጥታችሁ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ያላችሁ የወንዜ ልጆች፣ በዚህ ጥር ወደ ወንዛችን እንውረድ።

ጥርን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። መኸሩ ገብቷል፤ ወንዙ ጎድሏል፤ ዳሩ ለእግር የተመቸ ነው። የትግራይ ገበሬም ለአፈርና ለውኃ ጥበቃ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣው በዚሁ በበጋው ወራት ነው። ደግሞ መቀሌ በጥር ከውኃ ጋር የተያያዘ ትልቅ ታሪክ አላት።

በኅዳር 1888 መጨረሻ የጣልያን ጦር አምባላጌ ላይ ተመትቶ ሲሸሽ፣ ሻለቃ ጋሊያኖ የሚባል መኮንን እንዳ ኢየሱስ በተባለው የመቀሌ ኮረብታ ላይ ምሽጉን አጠናክሮ ተቀመጠ። ምሽጉ ከፍታ ላይ ነው፤ አጥሩ ጠንካራ ነው። የኢትዮጵያ ወታደር ደጋግሞ ፊት ለፊት ገጠመ፤ ብዙ ሰው ወደቀ። አንድ ነገር ግን ከአጥሩ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ ውኃው። ምሽጉ የሚጠጣው ከኮረብታው በታች በሸለቆ ውስጥ ከሚገኝ ምንጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ይህን አዩ። የራሳቸውን ጦር ልከው ምንጩን አስያዙ፤ የተላኩትም ሰዎች እየወደቁም ቢሆን አልለቀቁትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጥር 1888፣ መድፍ ያላስወጣውን ጦር ጥም አስወጣው። ዳግማዊ ምኒልክ ምርኮኞቹን በሰላም እንዲሄዱ ለቀቋቸው፤ ከአንድ ወር ትንሽ ዘግይቶ ዓድዋ ሆነ።

ያ ኮረብታ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች በላዩ ይመላለሳሉ። የታሪኩ ፍሬ ነገር ግን የወታደር ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የዚህች ከተማ ዕጣ ውኃውን በያዘ ሰው እጅ እንደነበረ ያኔ ታይቷል። ዛሬም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ አሁን ምንጩን የከበበው ጦር አለመሆኑ ነው፤ የገዛ ፌስታላችን፣ የገዛ ፍሳሻችን፣ የገዛ ግዴለሽነታችን ነው የከበበው።

መቀሌ ከውኃ ጋር የተጣላች ከተማ ሆና አልተወለደችም። አጼ ዮሐንስ 4ኛ መናገሻቸው ባደረጓት ጊዜ ከአፋር ዝቅታ አሞሌ ጭነው ሽቅብ ለሚወጡት የግመልና የበቅሎ ቅፍለቶች ማረፊያ ነበረች። በረሃ አቋርጦ የመጣ እንስሳ መጀመሪያ የሚፈልገው ጨው የሚሸጥበትን ገበያ አይደለም፤ ውኃ ነው። ገበያው የቆመው ውኃ ስላለ ነው። በ1870ዎቹ ናሬቲ በተባለው ጣልያናዊ ባለሙያ መሪነት የተሠራው የንጉሡ ቤተ መንግሥት፣ ዙሪያውን የተተከሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ በኋላም ደጃዝማች አብርሃ አርአያ ያሠሩት ግንብ፣ ሁሉም ከዚሁ ምድር በተፈለጠ ድንጋይ ቆመዋል። ለከተማዋ መልኳን የሰጣት ያ ድንጋይ ነው። መቀሌ ውስጥ ድንጋይ ጠራቢና ግንበኛ የተከበረ ሰው ነው። ድሃውም ቢሆን ግቢውን በድንጋይ ያጥራል፤ በአጥሩ ላይ በለስ ይተክላል።

የድሮው ሰፈር ጠባይ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። አጥሩ ድንጋይ ቢሆንም በሩ ክፍት ነበር። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ድንኳን ይተክላል። በነሐሴ አጋማሽ የአሸንዳ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት ሲዞሩ የማንም ቤት የማንም ነው። ውኃም የጋራ ነበር። እናቶቻችን እንስራ ተሸክመው ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ሲወርዱ፣ የሰፈሩ ወሬም፣ እርቅም፣ እጮኝነትም አብሮ ይወርድ ነበር። ወንዝ የሰፈር አደባባይ ነበር። ቧንቧ ሲገባ ከዚያ ሸክም ተገላገልን፤ ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ እናቶች ወደዚያ ሸክም ይመለሱ የሚል ሰው አይኑር። ነገር ግን ከሸክሙ ጋር አደባባዩንም ጣልነው። ወንዙን የሚያይ ዓይን ጠፋ። ዓይን ያላየው ወንዝ ደግሞ የማንም ቆሻሻ መጣያ ይሆናል።

አሁን ያለበትን እንናገር፤ መሸፋፈን አይጠቅምም። ክረምቱ አጭር ነው። መቀሌ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በእነዚያ ሁለት ወራት እላላ ጎርፍ ይሆናል፤ ዳሩን ይገምሳል፤ ከተራቆተው ከፍታ አፈር ያመጣል። በቀሩት አሥር ወራት ቀጭን ነው፤ ያ ቀጭን ውኃ የከተማዋን ፍሳሽ ይሸከማል። ከጋራዥ የሚወርድ ዘይት፣ ከላቫጆ የሚወርድ ሳሙና፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚያመልጥ፣ ከሆቴል ወጥ ቤት የሚደፋ፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ፣ የሞተ ውሻ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከዚያ በታች ሰው ሰላጣና ጎመን ያለማበታል። አትክልቱ ገበያ ይወጣል፤ እኛ እንገዛዋለን፤ ልጆቻችን ይበሉታል። ወደ ወንዙ የጣልነውን ነገር ዞሮ በገበታችን ላይ እናገኘዋለን። በወንዙ ዳር የሚያለማው ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ቤተሰቡን የሚመግብ ታታሪ ነው። ጥፋቱ ከላይ ሆነን የምንለቅበት የእኛ ነው።

በቧንቧ በኩልም ተጨንቀናል። ከተማዋ በአብዛኛው የምትጠጣው ከዓይናለም የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። በ1999ኙ ቆጠራ 215,914 ነዋሪ የነበራት ከተማ ከዚያ ወዲህ በጣም አድጋለች፤ ጉድጓዶቹ ግን ከዝናቡ በላይ አይሰጡም። ውኃ በተራ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ ሌሊት መነሳት፣ ሮቶ መሙላት፣ ቦቴ መለመን፣ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ የማያውቅ የመቀሌ ቤተሰብ የለም። በዚህ ሁሉ ጭንቅ መሃል የከተማዋን ሰሜን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ አለን፤ እናበላሸዋለን። ይህ ያስቆጫል፤ ሊያስቆጨንም ይገባል።

የትግራይን ጦርነት ሳላነሳ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በነበሩት ሁለት ዓመታት ባንክ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ ነዳጅና መድኃኒት አለቀ። ሰው ለመኖር ዛፍ ቆረጠ፤ ከሰል አከሰለ፤ በዚያ ሰዓት ዛፉን ለምን ቆረጥክ ብሎ የሚጠይቅ ኅሊና የለም። ከየአቅጣጫው የተፈናቀለው ወገናችን በየትምህርት ቤቱ ተጠለለ። የከተማ አገልግሎት ተሰበረ፤ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና የለም፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪናም የለም። ብዙው ጉዳት ከዚያ የወረስነው ነው፤ ማንንም ልወቅስበት አልመጣሁም። ግን ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ ዓመታት አልፈዋል። ሐዘናችን ገና አልወጣም፤ ከሐዘን የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ይጠርጋል።

እንችላለን ወይ ለሚለኝ ሰው የማሳየው ሩቅ አገር አይደለም። ከውቅሮ ወደ ምዕራብ ትንሽ ሄዶ አብርሃ ወአጽብሃን ይይ። ያ መንደር በድርቅ ተራቁቶ ነዋሪውን ወደ ሌላ ቦታ ማስፈር እስከመታሰብ የደረሰ ነበር። ሰዎቹ አንሄድም አሉ። ተራራውን ከከብት ከለከሉ፤ በየገደሉ ክትር ሠሩ፤ የጎርፉ ውኃ ሮጦ እንዳይሄድ ጉድጓድ ቆፍረው አሰመጡት። የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ መጣ። ቀድሞ ደረቅ በነበረ መሬት በእጅ በተቆፈሩ ጉድጓዶች አትክልትና ፍራፍሬ ለማ። በ2004 ዓ.ም. መንደሩ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ወርልድ ፊውቸር ካውንስል የተባለው ድርጅት በረሃማነትን በመታገል ረገድ ላበረከተችው ሥራ ለትግራይ የወርቅ ሽልማት ሰጠ። የሽልማቱ ምክንያት ምን ነበር? ሕዝቡ በየዓመቱ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ጉልበት ነው። አንድ አቅም ያለው ገበሬ በዓመት 20 የሥራ ቀን ለአፈርና ለውኃ ጥበቃ ሰጥቷል፤ ሴቱም ወንዱም፣ ወጣቱም ሽማግሌውም።

እዚህ ላይ የከተማ ሰዎች አንገታችንን ልንደፋ ይገባል። ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ሲወጣ እኛ በቴሌቪዥን አይተን አጨበጨብን። ሽልማቱ ሲመጣ የትግራይ ሽልማት ነው ብለን ኮራን። እላላ ግን በመሃላችን እየጠቆረ ነበር። የገጠሩ ሰው 20 ቀን ከሰጠ የመቀሌ ሰው አምስት ቅዳሜ አይሰጥም? የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ተማሪው? እኔ ይሰጣል እላለሁ። በዚያ በተዘጋ ዘመን ያለውን እፍኝ ጤፍ ከተፈናቀለ ጎረቤቱ ጋር የተካፈለ ሕዝብ አምስት ቅዳሜ ይሳሳል ብሎ ማሰብ ስድብ ነው።

ካልሰጠን የሚሆነውንም አገራችን አይታዋለች። ሐሮማያ ሐይቅ ነበር። የሐረር ከተማ ለአሥርተ ዓመታት ትጠጣበት ነበር፤ ዳሩ የአትክልትና የጫት እርሻ ነበር፤ ወፍ ነበረው። ከዙሪያው የታረሰው አፈር እየታጠበ ሞላው፤ ውኃው ከየአቅጣጫው በሞተር ተሳበ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ዓሣ የሚጠመድበት ቦታ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ውኃዋን ከሩቅ ለማምጣት ተገደደች። ከዓመታት ሥራ በኋላ ውኃው በከፊል ተመልሷል፤ ግን ስንት ትውልድ በመሃል ተጎዳ? ጣናም ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በእንቦጭ ተወርሯል፤ ገበሬው በጀልባና በእጁ እየነቀለ ሲታገል ኖሯል፤ አረሙን የሚያደልበው ከየከተማውና ከየእርሻው የሚወርደው ፍሳሽና ማዳበሪያ ጭምር ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ሲሄድም እንደዚያው ነው፤ አንድ ቀን ዞር ስንል የለም።

የተመለሰ ወንዝም አለ። ሴኡል ውስጥ ቾንግየቾን የሚባል ወንዝ ነበር፤ ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ዳሩን የሞላው የስደተኛ ጎጆ ነው፤ ወንዙ የቆሻሻ ቦይ ሆነ፤ ከዚያ በኮንክሪት ከደኑት፤ በላዩም ከፍ ያለ የመኪና መንገድ ሠሩበት። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ያንን መንገድ አፍርሰው 5.8 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙን ገለጡት። ዛሬ የከተማዋ ሰው እግሩን ነክሮ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እነሱም ከጦርነት የወጡ ሕዝብ ነበሩ። የእነሱ ገንዘብ የለንም፤ እኛ ግን በላዩ የምናፈርሰው መንገድም የለንም። እላላ አልተከደነም፤ ተራቁቶ ነው የሚጠብቀን።

ሌላም ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ በጊባ ወንዝ ላይ፣ ለመቀሌ የመጠጥ ውኃ እንዲሆን የተጀመረ ትልቅ ግድብ አለ። በጦርነቱ ሥራው ተስተጓጎለ። ሲፈጸም ግን መቀሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ሐይቅ ይኖራታል። ሐይቅ ባለበት ደግሞ ሰፈር ይመጣል። መሬት ይወደዳል፤ ሎጅ ይሠራል፤ ቪላ ይሰለፋል። ያ ሰፈር ምን ዓይነት ይሆናል? ዳሩ ለሁሉም ክፍት ይሆናል ወይስ በአጥር ይያዛል? ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? በሐይቅ ዳር ያደጉት ከተሞቻችን ይህን ጥያቄ ዘግይተው ነው የጠየቁት፤ ሐዋሳ ዙሪያው ከሞላ በኋላ ነው ስለ ሐይቁ መጨነቅ የጀመረችው፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ወደ ውጭ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። እኛ ሐይቁ ሳይሞላ መጠየቅ እንችላለን። እላላን መጠበቅ ያቃተው ሕዝብ ግን የጊባን ሐይቅ ይጠብቃል ብሎ ማን ያምናል? በትንሹ ያልታመነ በትልቁ አይሾምም። እላላ የእኛ መለማመጃ ነው፤ ፈተናውም እዚሁ ነው።

ታዲያ በጥር ምን እናድርግ? መፈክር ይዞ፣ አንድ ቀን ወጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ይብቃን። እንደዚያ ያለ ዘመቻ ብዙ አይተናል፤ በሳምንቱ ወንዙ እንደነበረ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ወንዙን እንካፈለው። ከድልድይ እስከ ድልድይ ያለው ዳር ለአንድ ዕድር ይሰጥ፤ ባለቤት ይኑረው። ዕድሮቻችን የሞተ ሰው ለመቅበር የማያቅታቸው፣ አባላቸውን በስም የሚያውቁ፣ የቀረውን የሚቀጡ ድርጅቶች ናቸው፤ ከእነሱ የተሻለ አደራ ተቀባይ በየትኛውም ቢሮ አይገኝም። ይህ ዳር የእነ እገሌ ዕድር ነው ከተባለ፣ ሌሊት መጥቶ ቆሻሻ የሚደፋውን ሰው የሚያየው ዓይን ይኖራል። የድሮው አደባባይ የሚመለሰው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው፤ ቆሻሻውን መልቀም፣ መለየት፣ ወደ ገንዳ ማውጣት። ቀጥሎ ዳሩ የተገመሰበትን በድንጋይ መደገፍ፤ ጋቢዮን የሚገዛ ገንዘብ ከተገኘ በጋቢዮን፣ ካልተገኘ የመቀሌ ግንበኛ በደረቅ ድንጋይ መካብ ያውቅበታል። ከዚያ ጉድጓድ ቆፍሮ ለሐምሌ ማዘጋጀት። ችግኝ በሐምሌ ይተከላል፤ በዳሩ አኻያና ሾላ፣ ከፍ ባለው ወይራና ግራር። አብዛኛው ችግኛችን የሚሞተው ከተተከለ በኋላ ነው፤ የሚያጠጣው ሰው ስለሌለ፣ ፍየል ስለሚበላው። ስለዚህ የተከለ ሁሉ እስከ ሁለተኛው ክረምት ባለዕዳ ይሁን። ከላይ ያለውን ደግሞ አንርሳ፤ በምሥራቁ ከፍታ በኩል የተራቆተው ካልተሸፈነ የምንክበውን ሁሉ ጎርፉ ይዞት ይሄዳል። የከተማው ሰው አንድ ቅዳሜውን ከገጠሩ ወገኑ ጋር እርከን ሲሠራ ቢውል ሁለቱም ይጠቀማሉ።

የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች፣ እናንተ በዚያ በውኃ በተፈታው ምሽግ ላይ ነው የምትማሩት። ላቦራቶሪ አላችሁ። በየወሩ ከእላላ ውኃ ቅዱና መርምሩ፤ ውጤቱን በመጽሔት ብቻ አታስቀሩት፤ በድልድዩ ላይ በትልቁ በትግርኛ ለጥፉት። አትክልት የምትገዛው እናት ምን እየገዛች እንደሆነ ትወቅ። የላቫጆና የጋራዥ ባለቤቶች፣ የሆቴል ባለቤቶች፣ እናንተን ጠላት አድርጌ አልጠራችሁም፤ የዘይት ማጥለያ ጉድጓድ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም፤ አብራችሁ ብትሠሩ ይረክሳል። እምቢ ላለው ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቶናል፤ በአንቀጽ 92 አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ በመንግሥትም በዜጋም ላይ ጥሏል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። ጎረቤታችሁ ሲበክል ዝም አትበሉ፤ መጀመሪያ በሽማግሌ ንገሩት፤ ካልሰማ በስሙ ክሰሱት።

ለከተማው አስተዳደርም አንድ ጥያቄ አለን፤ አንድ ብቻ፣ ግን የማንመለስበት። የወንዙ ዳር ለማንም አይሰጥ። ለባለ ገንዘብም፣ ለባለ ሥልጣንም፣ ለቤተ እምነትም፣ ለተቋምም አይሰጥ። የተለካ ክልል ይከለልለት፤ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ይተከል፤ ካርታው በአደባባይ ይለጠፍ። በዳሩ ላይ ከድህነት የተነሳ ጎጆ የቀለሱ ወገኖቻችን ደግሞ በግሬደር አይነሱ፤ ምትክ ቦታ ይዘጋጅላቸውና በክብር ይዘዋወሩ። ወንዝን ለማስዋብ ብሎ ድሃን ማፈናቀል ከእኛ ሕመም በኋላ ለእኛ አይመጥንም። አመራር ይቀያየራል፤ የከተማው ሰው ግን እዚሁ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውን በየወንበሩ ለሚቀመጠው ሁሉ ደጋግመን እናቅርብ።

ካህናትና ሼሆች፣ ስለ ውኃ ከእናንተ በላይ የሚናገር የለም። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ውኃ ይወርዳሉ፤ በመስጊድም ያለ ውዱእ አይሰገድም። ንጹሕ ውኃ ለሁለቱም እምነት መግቢያ ነው። በዚህ ጥር በስብከታችሁ መሃል እላላን በስሙ ጥሩት። ወንዝ ዳር ቆሻሻ መድፋት ኃጢአት መሆኑን ከእናንተ ከሰማ ሕዝቡ ይታዘዛል፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚሰማው በላይ።

በውጭ ያላችሁ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ብዙ ልካችኋል፤ በክፉው ቀን ያለ እናንተ ስንቱ ቤት ይዘጋ ነበር። አሁንም የምትልኩትን ለሰርግና ለፎቅ ብቻ አትላኩ። ያደጋችሁበት ሰፈር ዕድር የትኛውን ዳር እንደያዘ ጠይቁ፤ የዚያን ዳር ዛፍ አጠጡ፤ የአንድ ጠባቂ ደመወዝ ቻሉ። ለበዓል ስትመጡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ እላላ ውረዱ፤ ዓባይ ከየት እንደሚጀምር በዓይናቸው ይዩ።

ሥራው በአንድ ጥር አያልቅም። አንድ ጥር ግን ዳሩን ለመካፈል፣ የየዕድሩን ድንበር ለመለየት፣ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ለማውጣት ይበቃል። ከዚያ ሐምሌ፣ ከዚያ ደግሞ ቀጣዩ ጥር። ዛሬ ማታ ለዕድርህ ዳኛ ደውል፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ እላላን አጀንዳ አድርጎ እንዲይዝ ንገረው። አንቺም እኅቴ፣ ቡና ስታፈዪ ለጎረቤቶችሽ አንሺው፤ ይህ ከተማ ከቡና ስብሰባ የሚበልጥ ምክር ቤት የለውም። ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ያለው አካፋውን፣ ማዳበሪያ ከረጢት ያለው ከረጢቱን፣ ምንም የሌለው ሁለት እጁን ይዞ፣ ጎረቤቱን ቀስቅሶ ወደ ወንዙ ይውረድ።